በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶች በነርቭ ሥርዓት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት፦ ለወልቂጤ፣ ለቡታጅራና ለአካባቢያቸው ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባ

- ትኩሳት ያለበት ወይም በቅርቡ ትኩሳት የነበረበት ሰው ግራ ከተጋባ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ እጅ እግሩ ከዛለ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት።
- የትኩሳት መብረድ ብቻውን የመዳን ማረጋገጫ አይደለም። በርካታ የነርቭ ጉዳቶች የሚገለጡት ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ነው።
- ቢጫ ወባ ስሙ «ወባ» ቢሆንም ወባ አይደለም። የወባ መድኃኒት አያድነውም፤ ክትባት ግን ይከላከለዋል።

የመረጃው መነሻ

የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በጉራጌ ዞን፣ በእኖርና ኤነር ወረዳ ሦስት ሰዎች በቢጫ ወባ መጠርጠራቸውን አስታወቀ። ሦስቱም በአንድ የገጠር ቀበሌ፣ በአንድ ቤት የሚኖሩ አባት፣ እናትና ልጅ ነበሩ። በአገር ውስጥ ከተመረመሩት 5 ናሙናዎች በ2ቱ ቫይረሱ ተገኘ። ውጤቱም በኡጋንዳ የቫይረስ ምርምር ኢንስቲትዩት መጋቢት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ተረጋገጠ። በመጋቢት ወር መጨረሻ ከወረዳው 6 ቀበሌዎች የተመዘገቡት ተጠርጣሪ ሕሙማን ቁጥር ከ80 በላይ ደርሶ ነበር።

ይህ ክስተት ለወልቂጤም ሆነ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ለሆነችው ለቡታጅራ ነዋሪዎች ትምህርት ይሰጣል። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢገኙም በትንኝ ከሚተላለፉ በሽታዎች ነፃ አይደሉም። ከወልቂጤ በስተምዕራብ የጊቤ ሸለቆ፣ ከቡታጅራ በስተምሥራቅ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ቆላማ ቦታዎች አሉ። በተጨማሪም የአካባቢው ነጋዴዎችና ሠራተኞች ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አፋርና ወደ ሌሎች ቆላማ አካባቢዎች በየጊዜው ይመላለሳሉ። በመስቀልና በዒድ አል አድሃ (አረፋ) በዓላትም ብዙ ቤተሰብ ከየከተማው ወደ ትውልድ መንደሩ ይጓዛል። በአንድ ቦታ የተያዘ ሰው ምልክቱ የሚታይበት በሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ትንኟና ቫይረሱ

የወባ ትንኝ ተብላ የምትታወቀው አኖፌለስ በአብዛኛው የምትናከሰው በምሽትና በሌሊት ነው። የቢጫ ወባን፣ የደንጊ ትኩሳትን፣ የቺኩንጉንያንና የዚካን ቫይረሶች በዋናነት የምታስተላልፈው ግን ኤደስ የተባለችው ሌላ ትንኝ ናት። ኤደስ የምትናከሰው በቀን ሲሆን፣ በተለይም ጠዋትና ወደ ማታ ገደማ ትበረታለች። ስለዚህ በሌሊት አጎበር ሥር የተኛ ሰው ከወባ ትንኝ ቢጠበቅም ቀን ላይ ለኤደስ ሊጋለጥ ይችላል።

የከተማዋ ኤደስ የምትራባው በንጹሕ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ነው። በርሜል፣ ክዳን የሌለው የውኃ ታንከር፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የተጣለ ቆርቆሮና በጎሚስታ ቤቶች ደጃፍ የሚከመር አሮጌ ጎማ ሁሉ ይመቻታል። እንቁላሏ ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ያለ ውኃ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ በሞቃት ወቅትም ከአንድ ሳምንት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ለመብረር ይደርሳል።

በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ የኤደስ ዝርያ አለች። ይህችኛዋ የምትራባው የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ በሚጠራቀመው ውኃ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በደረሰው ታላቅ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ወቅት በሽታውን በመኖሪያ አካባቢ ወደ ሰው ስታስተላልፍ የተገኘችው ይህች ዝርያ ናት። በዚያ ወረርሽኝ 100,000 ገደማ ሰዎች እንደታመሙና 30,000 ገደማ እንደሞቱ ይገመታል።

ቫይረሱ የነርቭ ሥርዓትን የሚጎዳባቸው መንገዶች

አንጎል፣ ሕብለ ሰረሰርና ከእነርሱ የሚወጡት ነርቮች በአንድ ላይ የነርቭ ሥርዓት ይባላሉ። በአንጎል ውስጥ የሚገኙ የደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ በመሆኑ በደም ውስጥ ያለ ተሕዋስ ሁሉ ወደ አንጎል አይገባም። ሆኖም ጉዳቱ በአራት መንገዶች ሊደርስ ይችላል።

1. *ቫይረሱ ራሱ ወደ አንጎል ሲገባ።* ቫይረሱ የደም ሥሮችን ግድግዳ አልፎ፣ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ወይም የነርቭን መስመር ተከትሎ ወደ አንጎልና ወደ ሕብለ ሰረሰር ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ አንጎል ይቆጣል፣ ያብጣልም። ግራ መጋባት፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይከተላሉ።
2. *ሌሎች የአካል ክፍሎች ሲጎዱ።* ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን ሲያቆሙ መወገድ የነበረባቸው መርዛማ ነገሮች በደም ውስጥ ይከማቻሉ። የደም ስኳር ይወርዳል፤ ደም መፍሰስና የሰውነት ፈሳሽ መቀነስም ወደ አንጎል የሚደርሰውን ኦክስጅን ያሳንሳሉ። በዚህ ሁኔታ ቫይረሱ አንጎል ውስጥ ባይገባም አንጎል ይታወካል።
3. *የሰውነት መከላከያ ሲሳሳት።* ቫይረሱን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቮች ሊያጠቃ ይችላል። ጊላን-ባሬ በሚባለው ሕመም ድካሙና መደንዘዙ ብዙውን ጊዜ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። የሚጀምረውም ትኩሳቱ ካለፈ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነው። ወደ መተንፈሻ ጡንቻዎች ከደረሰ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።
4. *ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ።* የዚካ ቫይረስ በማኅፀን ያለውን ፅንስ በማደግ ላይ ያሉ የአንጎል ሕዋሳት ያጠቃል። የቺኩንጉንያ ቫይረስ ደግሞ እናት በምትወልድበት ሰሞን ከታመመች ወደ ሕፃኑ ተላልፎ አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል።

በሽታዎቹ በየተራ

*ቢጫ ወባ።* ምልክቱ ትንኟ ከነከሰች ከ3 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጀርባ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ። ብዙ ሰዎች በ3 ወይም በ4 ቀን ይድናሉ። ጥቂቶች ግን ተሽሏቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ያገረሽባቸዋል። ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሽንታቸው ይጠቁራል፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ይደማሉ፣ ይቃዣሉ፣ ራሳቸውንም ይስታሉ። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይሞታሉ። መቃዠቱና ራስን መሳቱ በአብዛኛው የሚመጣው በሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም በጉበትና በኩላሊት መጎዳት ምክንያት ነው።

ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባህላዊ መድኃኒት የሚኬድበት ልማድ በብዙ አካባቢዎች አለ። የተጎዳ ጉበት ግን የሚጠጡ ቅጠላ ቅጠሎችን መቋቋም ላይችል ይችላል፤ የሚባክነው ጊዜም አይመለስም። ትኩሳት የነበረበት ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በቅድሚያ መሄድ ያለበት ወደ ጤና ተቋም ነው።

*የደንጊ ትኩሳት።* በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝነት የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ነው። ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም፣ ብርቱ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም እንዲሁም ሽፍታ ያስከትላል። አደገኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ በሚወርድበት ሰዓት ይጀምራል። ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስታወክ፣ ደም መፍሰስ፣ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። አልፎ አልፎም የአንጎል መታወክንና ጊላን-ባሬን ያስከትላል።

*ቺኩንጉንያ።* እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ አካባቢ፣ በ2019 ደግሞ በድሬዳዋ ታይቷል፤ በድሬዳዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል። ዋናው ምልክቱ ትኩሳትና ለወራት ሊቆይ የሚችል የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። የአንጎል መቆጣት ከሌላው ይልቅ የሚያሰጋው ሕፃናትንና አረጋውያንን ነው።

*ዌስት ናይል።* ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 ከተገኘበት የኡጋንዳ አውራጃ ነው። ከ10 ሰዎች 8ቱ ምንም ምልክት አያሳዩም። ከ150 ሰዎች በአንዱ ገደማ ግን አንጎልን ወይም ሕብለ ሰረሰርን አጥቅቶ የአንገት መድረቅ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ፖሊዮን የመሰለ ሽባነት ያመጣል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

*የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት።* በትንኝ ብቻ ሳይሆን በታመሙ ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ደምና ሥጋ፣ እንዲሁም ከተጨናገፉ ጽንሶች ጋር በሚደረግ ንክኪም ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 በኬንያ፣ በሶማሊያና በታንዛኒያ ብርቱ ወረርሽኝ አስከትሏል። በጥቂት ሕሙማን ላይ የመጀመሪያው ምልክት ከታየ ከ1 እስከ 4 ሳምንት በኋላ የአንጎል መቆጣት ይከሰታል፤ የመርሳት፣ የመቃዠትና የማዞር ስሜት ያመጣል።

*ዚካ።* እ.ኤ.አ. በ1947 በኡጋንዳ ዚካ ደን ውስጥ የተገኘ ቫይረስ ነው። ከ2015 ጀምሮ በብራዚል በተከሰተው ወረርሽኝ ጊዜ ጭንቅላታቸው እጅግ ያነሰ ሕፃናት እንዲወለዱና በአዋቂዎች ላይ ጊላን-ባሬ እንዲታይ ምክንያት መሆኑ ታውቋል።

ወባና ማጅራት ገትር አይዘንጉ

በአካባቢያችን ትኩሳት ያለበት ሰው ሲቃዥ ወይም ሲንቀጠቀጥ በቅድሚያ ሊታሰቡ ከሚገባቸው መንስኤዎች አንዱ የአንጎል ወባ ነው። ወባ የሚመጣው በቫይረስ ሳይሆን በጥገኛ ተሕዋስ ነው። የተያዙት ቀይ የደም ሕዋሳት በአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ተጣብቀው ዝውውሩን ያውካሉ። ሌላው በባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትር ነው። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ፈዋሽ መድኃኒት አላቸው። በቤት ውስጥ ሆኖ እነዚህን ከቫይረስ ሕመም መለየት አይቻልም። «ቫይረስ ከሆነ መድኃኒት የለውም» ብሎ ቤት መቆየት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የወባ ምርመራ ውጤት ወባ የለም ካለና ሕመሙ ከቀጠለ ወይም አዲስ ምልክት ከታየ ሳይዘገዩ ይመለሱ። ወባ ተገኝቶ ሕክምናው ተጀምሮም ካልተሻለዎት እንደዚሁ ይመለሱ፤ ሁለት በሽታዎች በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ።

በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

- መቃዠት፣ ያልተለመደ ጠባይ፣ ሰውን አለመለየት፣ ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር፤
- መንቀጥቀጥ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፤
- ብርቱ ራስ ምታት ከአንገት መድረቅ ወይም ብርሃን ከመፍራት ጋር፤
- የእጅ፣ የእግር ወይም የፊት መዛል፣ መደንዘዝ፣ ለመራመድ መቸገር፤
- ለመዋጥ፣ ለመናገር ወይም ለመተንፈስ መቸገር፤
- የዓይን ቢጫ መሆን፣ ከማንኛውም የሰውነት ክፍል ደም መፍሰስ፤
- በሕፃናት ላይ ጡት አለመጥባት፣ የማያቋርጥ ለቅሶ፣ የእርግብግቢት ማበጥ ወይም መዝለፍለፍ።

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ ለፖሊዮ ቅኝት ሲባል ወዲያውኑ ሪፖርት መደረግ አለበት። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም በአቅራቢያዎ ላለው ጤና ጣቢያ ያሳውቁ።

ጤና ተቋም እስኪደርሱ ድረስ

የሚንቀጠቀጠውን ሰው በጎኑ ያስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉለት፣ አጠገቡ ያለውን ስለታምና ጠንካራ ነገር ያርቁ። በአፉ ማንኪያም ሆነ ጣት አይክተቱ፤ ውኃም ሆነ መድኃኒት አያጠጡት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ጥቅም የለውም፤ ሊያቃጥለው ይችላል። መንቀጥቀጡ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ።

ለትኩሳት ፓራሲታሞልን በታዘዘው መጠን ብቻ ይስጡ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ የበሽታው ዓይነት ሳይታወቅ አይውሰዱ፤ በመርፌ መልክም ቢሆን አይወጉ። በጸሎት ወይም በዱዓ መጽናናት የእያንዳንዱ ቤተሰብ መብት ነው። ሆኖም ግራ መጋባቱንና መንቀጥቀጡን ልክፍት ነው በማለት ሕክምናውን ማዘግየት አይገባም።

በጤና ተቋም የሚደረግልዎት

ለጤና ባለሙያው የሚከተሉትን ይንገሩ፦ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ በርዶ እንደሆነ የተመለሰበትን ጊዜ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የሄዱበትን ቦታ፣ በቤትዎ ወይም በጎረቤት ሌላ የታመመ ሰው መኖሩን፣ ከከብት ጋር ንክኪ እንደነበረዎት፣ የቢጫ ወባ ክትባት መውሰድ አለመውሰድዎን፣ የወሰዱትን ዘመናዊም ሆነ ባህላዊ መድኃኒት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሳይጠየቁ ይናገሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ።

ባለሙያው የወባ ምርመራ ያደርጋል፣ የደም ስኳር ይለካል፣ እንደ ሁኔታውም ወደ ሆስፒታል ይልካል። በሆስፒታል ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ ቤተሰቦች ይህ ምርመራ ሽባ ያደርጋል ብለው ይፈራሉ። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ከሚያበቃበት ቦታ በታች በመሆኑ ሽባነት ያመጣል የሚለው ሥጋት ምርመራውን እምቢ የሚያሰኝ አይደለም። የምርመራው ውጤት ማጅራት ገትርን ለመለየት ወሳኝ ነው። ቢጫ ወባ ወይም ሌላ ወረርሽኝ ከተጠረጠረ የደም ናሙና ለማረጋገጫ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።

ከላይ የተጠቀሱትን ቫይረሶች በቀጥታ የሚገድል በመደበኛነት የሚሰጥ መድኃኒት የለም። ሆኖም ፈሳሽ መተካት፣ መንቀጥቀጥን ማስቆም፣ የደም ስኳርን መጠበቅና አተነፋፈስን መደገፍ ሕይወት ያድናል። በጊላን-ባሬ የተያዙ አብዛኞቹ ሕሙማን በወቅቱ ከደረሱና ክትትል ካገኙ ቀስ በቀስ ይድናሉ።

መከላከል

*ክትባት።* አንድ ጊዜ የሚሰጥ የቢጫ ወባ ክትባት ለዕድሜ ልክ ይጠብቃል። ጥበቃው በአብዛኞቹ ተከታቢዎች በ10 ቀን ውስጥ ይጀምራል። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ በመሆኑ ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥም፤ ምክንያቱም በእነርሱ ላይ የአንጎል መቆጣት ሊያስከትል ይችላል። ከ6 እስከ 9 ወር ላሉት የሚሰጠው በወረርሽኝ ጊዜ የመያዝ አደጋው ከፍ ሲል ብቻ ነው። ለእንቁላል ብርቱ አለርጂ ያለበት፣ የሰውነት መከላከያው እጅግ የተዳከመ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ከመከተብ በፊት ባለሙያ ማማከር አለባቸው። ዘመቻ ሲታወጅ ይከተቡ፤ የክትባት ካርድዎንም ያስቀምጡ።

*ውኃ።* በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ለማጠራቀም የሚገደዱ ቤተሰቦች በርሜልና ታንከራቸውን በጥብቅ ይክደኑ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ውኃውን ገልብጠው የውስጡን ግድግዳ በብሩሽ ይፈትጉ፤ እንቁላሉ የሚወገደው በመፈተግ ነው። አሮጌ ጎማዎችን ከዝናብ በመጠለያ ሥር ያስቀምጡ ወይም ያስወግዱ።

*እንሰት።* እንሰት የቤተሰብ ምግብና ሀብት ስለሆነ በትንኝ ምክንያት መቆረጥ የለበትም። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው፦ በጓሮ እንሰት መካከል የሚሠሩ ሰዎች እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ፤ ሕፃናት በተለይ ከክረምት በኋላ ባሉት ሳምንታት ጠዋትና ወደ ማታ በጓሮ እንዳይውሉ ይደረግ።

*አጎበር።* ቀን ላይ የሚተኙ ሕፃናትንና የታመሙ ሰዎችን በአጎበር ያስተኙ። በመጀመሪያዎቹ የትኩሳት ቀናት ትንኝ ሕሙሙን ከነከሰች ቫይረሱን ወደ ሌላው የቤተሰብ አባል ልታደርስ ትችላለች።

ከሕመሙ በኋላ

አንጎሉ ወይም ነርቩ ተጎድቶ የዳነ ሰው የማስታወስ ችግር፣ የመንቀጥቀጥ ተደጋጋሚነት፣ የእጅ እግር መዛል ወይም የድብርት ስሜት ሊቀርበት ይችላል። የክትትል ቀጠሮውን ያክብሩ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከታዘዘ በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ቶሎ መጀመሩ ይረዳል። ልጅዎ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ ስለ ሕመሙ ለመምህሩ ያስረዱ።

ለጥቆማና ለተጨማሪ መረጃ

በአንድ ቤት ወይም በአንድ መንደር ከአንድ በላይ ሰው ትኩሳትና የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ትኩሳትና የአእምሮ መታወክ ከታየበት ለቀበሌዎ ጤና ኬላ ወይም ለጤና ጣቢያ ሳይዘገዩ ያሳውቁ። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ የስልክ መስመር 8335፣ በጤና ሚኒስቴር ደግሞ 952 መደወል ይችላሉ። በ2012 ዓ.ም. የእኖርና ኤነር ክስተት ሊታወቅ የቻለው በአንድ ቤት የታመሙ ሦስት ሰዎች ጉዳይ ሪፖርት በመደረጉ ነው፤ የእርስዎም ጥቆማ የጎረቤትዎን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።